ለሽማግሎች የጣና ባሕር ዕረፍት፤ ማደሪያው የት ይሁን?

ሰው የመንግሥት ሥራውን ፈጽሞ ጡረታ በወጣ ጊዜ፤ ልጆቹም አድገው የየራሳቸውን ቤት በያዙ ጊዜ፤ በጎልማሳነቱ ሊያየው እየተመኘ ሥራ የከለከለውን አገር ለማየት ያስባል። በዚህም አሳብ ውስጥ ከሁሉ ይልቅ ደጋግሞ የሚነሣው የጣና ባሕር ስም ነው። ነገር ግን የሽማግሌና የባልቴት ጉዞ እንደ ጎልማሳ ጉዞ አይደለም። ጎልማሳ የሚያየውን መርጦ ማደሪያውን በደረሰበት ይፈልጋል፤ ሽማግሌ ግን አስቀድሞ ማደሪያውን ሊመርጥ ይገባዋል። ስለዚህ በዛሬው ጽሑፋችን ጎንደርን፣ ጎርጎራንና ባሕር ዳርን እያነጻጸርን፤ ዕድሜያቸው ለገፋ ባልና ሚስት የትኛው ሥፍራ እንደሚሻል የምናውቀውን ለክቡራን አንባቢዎቻችን እናቀርባለን።

ይህ ጥያቄ አዲስ አይደለም። ነገሥታቱም ክረምቱን የሚያሳልፉበትን ከተማ ሲፈልጉ በዚሁ ባሕር ዙሪያ ብዙ ዘመን ተመላልሰዋል። ዐፄ ሠርፀ ድንግል በእንፍራዝ አጠገብ በጉዛራ ግንብ ሠሩ፤ ዐፄ ሱስንዮስ በጎርጎራና በደንቀዝ ተቀመጡ። በመጨረሻ ዐፄ ፋሲል በ1628 ዓ.ም. ገደማ ከውኃው ርቀው፤ ከ2,100 ሜትር በላይ ከፍታ ባለው በጎንደር ከተሙ። ሽማግሎች ስሙ በ«ጎ» የሚጀምር ሥፍራ እንዲፈለግ ትንቢት ነበረ ብለው ይተርካሉ። ትንቢቱን ለተራኪዎቹ ትተን ስናየው ግን፤ ከባሕሩ ዳር ወደ ደጋው መራቅ ሌላ ጥቅም እንደ ነበረው ግልጥ ነው፤ ይኸውም ከንዳድ መሸሽ ነው። የዐባይን ምንጭ በ1610 ዓ.ም. ያየው እስፓኛዊው አባ ጴድሮ ፓኤዝ በ1614 ዓ.ም. በትኩሳት ታሞ የሞተው በዚያው በጎርጎራ ነው። በ1950 ዓ.ም. መጨረሻና በ1951 ዓ.ም. መጀመሪያ የወባ በሽታ በደጋማው አገር በተነሣ ጊዜም እጅግ ብዙ ሕዝብ አልቋል፤ ደንቢያም ከተጎዱት አገሮች አንዱ ነበር።

አሁን ወደ ራሴ ቤት ነገር ልመለስ። በ2010 ዓ.ም. በኅዳር ወር አጎቴ ከባለቤታቸው ጋራ ለአሥር ቀን ወደዚያ አገር ሲሄዱ፤ አድርሼ እንድመልሳቸው ስለ ተጠየቅሁ አብሬ ሄድሁ። አጎቴ ያን ጊዜ የ76 ዓመት ሽማግሌ ነበሩ። የተወለዱት በደንቢያ ከባሕሩ አጠገብ ሲሆን፤ በልጅነታቸው ለትምህርት ወደ አዲስ አበባ ከወጡ ወዲህ ወደ ትውልድ አገራቸው አልተመለሱም። ልባቸው ድካም እንዳለበት ሐኪም ነግሯቸው ጧትና ማታ መድኃኒት ይወስዱ ነበር። እትዬ ደግሞ ጉልበታቸውን ያማቸው ስለ ነበረ ደረጃ መውጣት አይሆንላቸውም።

ከመነሣታችን በፊት አንድ ወር ሙሉ የማደሪያው ነገር አከራከራቸው። አጎቴ፤ «ከውኃው ዳር ካልተኛሁ መሄዴ ምን ይረባኛል?» ይላሉ። እትዬም፤ «ሌሊት ቢያምዎት በዚያ ገጠር ማንን ልጥራ?» ብለው ይመልሳሉ። በመጨረሻ ማደሪያችን ጎንደር እንዲሆን፤ ወደ ጎርጎራም ለአንድ ቀን ብቻ ወርደን ማታ እንድንመለስ ተስማማን።

በውነቱ የእትዬ ምክር በቂ ምክንያት ነበረው። በጎንደር ከተማ የዩኒቨርሲቲው ታላቅ ሐኪም ቤት አለ፤ ይህም በ1947 ዓ.ም. የጤና ጥበቃ ኮሌጅ ሆኖ ከተቋቋመው ትምህርት ቤት ጋራ ያደገ ነው። አየሩም ቀኑን ለስላሳ፤ ሌሊቱን ብርድ ያለው ስለ ሆነ እንቅልፍ ይሰጣል። ከአዲስ አበባ ለሚመጣ ሰው ከፍታው የሚከብድ አይደለም፤ ይልቁንም አዲስ አበባ ትበልጣለች። ከባሕር ማዶ፤ ከቆላ አገር የሚመጣ ሽማግሌ ግን የመጀመሪያውን አንድና ሁለት ቀን ዐርፎ ቢውል መልካም ነው። ግንቦቹ በአንድ ቅጥር ውስጥ ስለሚገኙ ሰው እየተቀመጠና እያረፈ በአንድ ጧት ሊያያቸው ይችላል። እትዬ ወደ ፎቁ ሳይወጡ ከዛፉ ጥላ ሥር ተቀምጠው የፋሲልን ግንብ ሲመለከቱ፤ «ከታች ሆኖ ማየት ይበቃል፤ የሠሩትም እንዲታይ እንጂ እንዲወጣበት ብቻ አይደለም» ማለታቸው ትዝ ይለኛል። ከሁሉ ይልቅ ደስ ያላቸው የዐፄ ፋሲል መዋኛ የሚባለው ሥፍራ ነበር፤ መሬቱ ደልዳላ፤ ጥላውም ብዙ ነውና። የደብረ ብርሃን ሥላሴን የጣራ ሥዕል ለማየት ግን አንገትን ማቅናት ስለሚያሻ በተቀመጡበት ሆነው ቢያዩት ይሻላል። የጎንደር ጉድለቷ ዳገቷ ነው። ጉልበት ያመመው ሰው ከሆቴሉ ደጅ እስከ ደጅ የሚያደርሰው አውቶሞቢል ካልያዘ ይቸገራል።

ወደ ጎርጎራ የወረድነው በሦስተኛው ቀን ነው። መንገዱ 65 ኪሎ ሜትር ያህል ሲሆን፤ ከአዘዞ ተገንጥሎ በቆላ ድባ በኩል በደንቢያ ሜዳ ላይ ያልፋል። ጤፉ ለአጨዳ ደርሶ ነበር። አጎቴ የየመንደሩን ስም እየጠሩ፤ አንዳንዱንም እየሳቱ፤ ሾፌሩን ደጋግመው አስቆሙት። በጎርጎራ የደብረ ሲና ማርያምን ጥንታዊ ሥዕሎች ከተሳለምን በኋላ ከውኃው ዳር ከአንድ ዋርካ ሥር አረፍን። አንድ ዓሣ አስጋሪ በደንገል ታንኳ ሲያልፍ አጎቴ ጠርተው ስለ አምባዛው ዋጋና ስለ ነፋሱ ጠየቁት። የጣና ነፋስ ጧት ዝም ብሎ ከቀትር በኋላ ማዕበል ስለሚያስነሣ፤ በጀልባ የሚሄድ ሽማግሌ ጧት ሄዶ ከቀትር በፊት መመለስ እንዳለበት የነገረን ያ ሰው ነው።

አሥር ሰዓት ሲሆን ለመመለስ ተነሣን። አጎቴ ግን አልነሣም አሉ። «አንድ ሌሊት ብቻ፤ ከዚህ በኋላ መቼ እመጣለሁ?» አሉ። እትዬ ጥቂት ዝም ብለው ቆይተው፤ «እንዳሉ ይሁን» አሉ። ማደሪያ አግኝተን ዐደርን። ነገር ግን እመለሳለሁ ብለው የወጡ ሰዎች ነበሩና የማታው መድኃኒት በጎንደር በሆቴሉ ክፍል ውስጥ ቀርቶ ነበር። ይህን አጎቴ ያውቁ ነበር፤ አልተናገሩም። ከሌሊቱ በሰባት ሰዓት ትንፋሽ አጠራቸው። ሾፌሩን ቀስቅሰን፤ እትዬ ራሳቸውን ደግፈው ይዘው፤ በዚያ ጨለማ ከሁለት ሰዓት በላይ ተጉዘን ሊነጋጋ ሲል ጎንደር ደረስን። ሐኪሞች ተቀብለው አየር ሰጧቸው፤ ሦስት ቀን ተኝተው ዳኑ። የማታው መድኃኒት መቅረቱና የመንገዱ ድካም ተደምረው እንደ ጎዷቸው ሐኪሙ ነገረን። እትዬም በዚያ ሦስት ቀን አንድ የወቀሳ ቃል ከአፋቸው አልወጣም፤ እኔ ግን በልቤ ብዙ ተናግሬአለሁ።

ከዚያ ወዲህ በጎርጎራ በገበታ ለሀገር ሥራ የተሻለ የእንግዳ ማረፊያ ተሠርቷል። እንዲህም ቢሆን ከሐኪም ቤቱ ያለው ርቀት ያው ነው። ጎርጎራን ጤነኛ የሆነ ሰው ይደርበት፤ የታመመ ሰው ግን ውሎበት ይመለስ እላለሁ።

ባሕር ዳርን የሚመርጥ ሰው አልተሳሳተም። ከጎንደር 180 ኪሎ ሜትር ያህል ርቃ በባሕሩ ደቡብ ጫፍ የምትገኘው ይህች ከተማ ሜዳ ላይ የተሠራች ስለ ሆነች፤ በዘንባባ በተጋረዱት መንገዶቿ ጉልበት ያመመው ሰው ያለ ችግር ይንሸራሸራል። ፈለገ ሕይወትና ጥበበ ግዮን የሚባሉ ሐኪም ቤቶችም አሏት። ዋናው ምኞቱ ውኃውና ደሴቶቹ የሆነ ሰው ከዚያ ቢያድር ወደ ዘጌና ወደ ዑራ ኪዳነ ምሕረት በጀልባ መሄድ ይቀርበዋል። ሆኖም ባልና ሚስት አስቀድመው ሊያውቁት የሚገባ ነገር አለ፤ የብዙ ነገሥታት ዐፅም ወደሚገኝበት ወደ ዳጋ እስጢፋኖስና ወደ ክብራን ገብርኤል ሴቶች አይገቡም። ሚስትን በጀልባ ላይ አስቀምጦ ባል ብቻ የሚሳለምበት ጉዞ አብሮ ለማረፍ ለመጡ ሰዎች አይስማማም። እቴጌ ምንትዋብ በደቅ ያሠሩት ናርጋ ሥላሴ ግን ለሁለቱም ክፍት ነው፤ መንገዱ ብቻ ረጅም ነው። የጢስ ዐባይ ፏፏቴም ውኃው ወደ ኃይል ማመንጫ ስለሚመራ፤ ክረምቱ ሳይወጣ ካልሆነ እንደ ዝናው አይገኝም።

ደባርቅን በአጭሩ እናልፈዋለን። ከፍታው ወደ 2,800 ሜትር ስለሚደርስና የስሜን ተራራ ከዚያም በላይ ስለሚወጣ፤ ለልብ ሕመምተኛ ማደሪያ አይሆንም። ጤነኛ ሽማግሌ ግን ከጎንደር ተነሥቶ ጭላዳውን አይቶ ማታ ሊመለስ ይችላል።

በየትኛውም ሥፍራ ቢታደር ከባሕሩ ዳር ያለ አጎበር መተኛት አይገባም። ባሕሩ የቢልሃርዝያ በሽታ ስላለበት እግርን እንኳ በውኃው ውስጥ ነክሮ መቀመጥ ደግ አይደለም፤ አጎቴን ከዚህ ለመከልከል ብዙ ደክመናል። ከ2004 ዓ.ም. ገደማ ጀምሮ እምቦጭ የሚባለው አረም የሰሜን ምሥራቁን ዳርቻ ስለ ወረረ በዚያ በኩል ጀልባ ማግኘት ያስቸግራል። ለጉዞ የሚመረጠው ወራት ከጥቅምት እስከ ጥር ነው።

ዛሬ ግን ከዚህ ሁሉ የሚቀድም ነገር አለ። ከ2015 ዓ.ም. ክረምት ጀምሮ በአማራ ክልል በተነሣው የጦር ግጭት ምክንያት መንገዶች የሚዘጉበት ቀን ብዙ ሆኗል፤ መንገደኞችም እየታገቱ ገንዘብ ተጠይቆባቸዋል። ስለዚህ ወላጆቹን የሚልክ ልጅ በአውሮፕላን ይላካቸው እንጂ በአውቶሞቢል ከአዲስ አበባ አያስነሣቸው። ጎንደርም ባሕር ዳርም አውሮፕላን ማረፊያ አላቸው፤ ወደ ጎርጎራ ግን የሚኬደው በየብስ ወይም በጀልባ ስለ ሆነ፤ የመንገዱ ሰላም ከአገሩ ሰዎች ሳይጠየቅና ሳይረጋገጥ አይታሰብ። ሰላም ባልተገኘበት ወራት ጉዞውን ማቆየት ነውር የለበትም።

አጎቴ ከዚያ ጉዞ በኋላ ሁለት ዓመት ኖረው ዐረፉ። እትዬ ዛሬም ዘመዶች ስለ ጣና ምክር ሲጠይቋቸው፤ «ማደሪያችሁን ጎንደር አድርጉ፤ ለአንድ ቀን ስትወጡም የሦስት ቀን መድኃኒት ያዙ» ይላሉ። ስለዚያች ሌሊት ግን የሚጠይቃቸው ሲገኝ፤ «ፀሐይዋ በውኃው ላይ ስትጠልቅ አይተዋታል» ብለው ወሬውን ወደ ሌላ ይመልሱታል።