ባለቤቱ ሲሄድ ውሻው ወዴት ይሄዳል? በባሌ ደጋ የውሻ አደራ አመራረጥ



የዛሬው ርእሴ ቀሎ የታያችሁ እንዳላችሁ እገምታለሁ። ውሻን አደራ መስጠት አዳራሽ የሚያስሞላ ጉዳይ ነውን? ሆኖም የትምህርት ዘመኑ ሲዘጋ፣ ፋሲካ ወይም አረፋ ሲቃረብ፣ የሮቤና የጎባ ነዋሪ የሚያደርገውን አስታውሱ። አንዱ ወደ አዲስ አበባ፣ አንዱ ወደ ጊኒር፣ አንዱ ወደ ብድሬ ዘመድ ጥየቃ ይሄዳል፤ ሌላው ለዚያራ ወደ ድሬ ሼኽ ሁሴን ይጓዛል። ቤቱ ይቆለፋል፤ ቁልፉ ለጎረቤት ይሰጣል፤ ላሚቱና ዶሮዎቹ የሚጠብቃቸው ሰው ይፈለግላቸዋል። ውሻው ጋ ሲደረስ ግን «እሱ ራሱን ያውቃል» ይባልና በሩ ገርበብ ይደረጋል።

ዛሬ ልመረምራት የመጣሁት ይህችን «ራሱን ያውቃል» የምትል ቃል ነው። በሌላ አገር የውሻ ማቆያ ሲመረጥ በቅድሚያ የሚጠየቀው ስለ ምቾት ነው፤ መኝታው ይሞቃል ወይ፣ የሚያጫውተው አለ ወይ ይባላል። እኔ ግን በባሌ ደጋ ከሁሉ የሚቀድም አንድ ጥያቄ አለ እላለሁ። ይኸውም ባለቤቱ በሌለበት ጊዜ ውሻው ካለበት ቦታ ሳይንቀሳቀስ ይቆያል ወይ የሚለው ነው። ምክንያቱን ለመረዳት ከከተማው ወጣ ብለን ወደ ተራራው መመልከት አለብን።

የባሌ ተራሮች ብሔራዊ ፓርክ እ.ኤ.አ. በ2023 በዩኔስኮ የዓለም ቅርስ መዝገብ ላይ ሰፍሯል። በዚያ የሚኖረው ቀይ ቀበሮ፣ በኦሮምኛ ጄዳላ ፈርዳ የሚባለው፣ ከኢትዮጵያ በቀር በየትም የለም። በመላ አገሪቱ ያሉት አዋቂ ቀበሮዎች አምስት መቶ ገደማ ሲሆኑ፣ ከግማሽ የሚበልጡት በዚሁ በባሌ ነው የሚኖሩት። ይህን እንስሳ ከሰው ጥይት ይልቅ የጎዳው የሰው ውሻ ነው። እ.ኤ.አ. በ1991 እና በ1992 የእብድ ውሻ በሽታ በወይብ ሸለቆ ገብቶ መንጋዎችን በሙሉ አጠፋ። እ.ኤ.አ. በ2003 ተመልሶ መጣና በዚያው ሸለቆ ካሉት ቀበሮዎች ሦስት አራተኛ ያህሉን ፈጀ፤ ሰባ የሚሆኑ ቀበሮዎች እየተያዙ ተከትበው ነው ወደ ሌሎቹ መንጋዎች እንዳይዛመት የተገታው። ከዚያም በ2008 እና በ2014 ተደገመ። በመካከሉ፣ በ2005፣ በ2010 እና በ2015፣ ዲስቴምፐር የተባለው ሌላ የውሻ በሽታ ሞትን አስከተለ።

ቀበሮው ሲያድን ብቻውን ነው፤ ፍልፈል ለመያዝ ባልንጀራ አያስፈልገውም። ጎሕ ሲቀድና ፀሐይ ስትጠልቅ ግን መንጋው ይሰበሰባል፤ እርስ በርስ ይሻሻል፣ ይላላሳል፣ የግዛቱን ድንበር አብሮ ይዞራል። ስለዚህ አንድ የታመመ ውሻ አንድ ቀበሮ ቢነክስ፣ የተነከሰው የሚመለሰው ወደ ቤተሰቡ ነው። ሌላም ጉዳት አለ። እ.ኤ.አ. በ1990ዎቹ በወይብ ሸለቆ ወንድ ውሾች ከሴት ቀበሮዎች ጋር ተዳቅለው ዲቃሎች መገኘታቸው በዘረመል ጥናት ተረጋግጧል። ውሻው ይህን ሁሉ የሚያደርገው ከክፋት አይደለም፤ ርቦት ወይም እንስት ሽቶ ስለሄደ ነው።

«እኛ የከተማ ሰዎች ነን፤ ተራራውን የእረኛው ውሻ ያስብበት» የሚል ይኖር ይሆናል። እረኛው በጎደንቱ ሥርዓት ከብቱን ይዞ ወደ ከፍተኛው ግጦሽ ሲወጣ ውሻውን ያስከትላል፤ ጅብ የሚከላከልለት እሱ ነውና። ያው ውሻ ግን ባለቤቱን ተከትሎ ወደ ገበያ ይወርዳል፤ በመንገድ ዳር ከከተማ ውሾች ጋር ይበላል፣ ይጣላል፣ ይዋለዳል፤ ከዚያም ይመለሳል። በሮቤ ገርበብ ብሎ የቀረ በርና የሳነቴ አምባ የሚገናኙት በዚህ ሰንሰለት ነው።

እንግዲህ ውሻን በቦታው የሚያቆየው ምንድን ነው? ከአጥር ይልቅ ምግብ ነው። «ውሻ በበላበት ይጮኻል» የሚለው ተረት ስለ ታማኝነት የተነገረ ቢመስልም፣ እኔ የማነበው እንደ እንስሳት ጠባይ ጥናት ነው፤ በየቀኑ በአንድ ሰዓት የሚበላ ውሻ ከዚያ ቦታ አይርቅም። አንድ ጊዜ ለአንድ ሳምንት ስሄድ ውሻዬን ለአንድ ደግ ሰው ተውኩት። ሰውየው ሥራ ስለበዛበት የሳምንቱን እንጀራ በመጀመሪያው ቀን አንድ ላይ አቀረበለት። ውሻው በሁለት ቀን ጨረሰው፤ በሦስተኛው በአጥሩ ሥር ቆፍሮ ወጣ። የተመለሰው ጆሮው ተቦጭቆ ነበር። ጥፋቱ የእኔ ነው፤ ምግቡን ትቼ ሰዓቱን አልተውኩምና።

የበዓል ሰሞን ደግሞ የራሱ ችግር አለው። በዐቢይ ጾም 55 ቀናት ከጾመኛ ቤት አጥንት አይወጣም፤ በፋሲካ ማግስት ግን ሰፈሩ ሁሉ አጥንት ይሆናል። የተቀቀለ የዶሮ አጥንት እየተሰነጠረ አንጀት ይወጋል፤ ሽንኩርት የበዛበት ወጥ ለውሻ ደም መርዝ ነው። ከሁሉ የሚከፋው ግን በአረፋም በፋሲካም በየግቢው ከሚታረደው በግ የሚጣለው ውኃ የቋጠረ ጉበትና ሳንባ ነው። በቋጠሮው ውስጥ ያለው ተውሳክ በውሻው አንጀት ትል ይሆናል፤ እንቁላሉ ከውሻው ዐይነ ምድር ወደ ልጆች እጅ፣ ከእጅም ወደ አፍ ይገባና በሰው ጉበት ያንኑ ቋጠሮ ያበቅላል። ልጆች ወዳሉበት ቤት ውሻ በአደራ የሚሰጥ ሰው አስቀድሞ ፕራዚኳንቴል ማስዋጥ ይገባዋል፤ ለከብት የምንገዛው የተለመደ የትል መድኃኒት ለዚህ ትል አስተማማኝ አይደለም።

አሁን ወደ ምርጫው ልግባ። በእኔ አስተያየት ለአዋቂ ውሻ የሚሻለው በራሱ ግቢ መቆየቱና የሚያውቀው ሰው በቀን ሁለት ጊዜ እየመጣ መመገቡ ነው። ቦታው አይለወጥበትም፤ ጥበቃውንም ይቀጥላል። ይህ የሚሠራው ግን ግቢው በእርግጥ ከታጠረና ሰውየው በእርግጥ ከመጣ ነው። በአጭር ገመድ አስሮ መሄድን እንደ መፍትሔ አልቆጥረውም፤ የታሰረ ውሻ ውኃው ቢደፋበት የሚያደርገው የለም፤ ጅብ ቢገባበትም አያመልጥም። ወደ ዘመድ ቤት መውሰድ ለቡችላና ለሽማግሌ ውሻ ይበጃል፤ ሌላውን ውሻ ግን የመጀመሪያዎቹ ቀናት ወደ ቀድሞ ቤቱ ለመመለስ ስለሚገፋፉት፣ ከጉዞው በፊት አንድ ሁለት ሌሊት ማስለመድ ያስፈልጋል።

አደራ ተቀባዩን ስንመርጥ ሃይማኖቱን ማክበር ተገቢ ነው። በአካባቢያችን ብዙዎች የሚከተሉት የሻፊዒ መዝሀብ የውሻን ምራቅ ነጃሳ ይለዋል፤ የነካው ዕቃ ሰባት ጊዜ፣ ከሰባቱ አንዱ በአፈር፣ ይታጠባል። ለጥበቃ፣ ለከብትና ለአደን ውሻ መያዝን ግን ይፈቅዳል። ስለዚህ ሙስሊም ጎረቤትን «ውሻዬን ቤትህ አስገባልኝ» ማለት ማስጨነቅ ነው፤ ውሻውን በግቢው ትቶ፣ ሳህኑን ለይቶ፣ «ምግቡን ብቻ በሰዓቱ አቅርብልኝ» ማለት ግን ሌላ ነገር ነው። አማና የከበደበት ሰው ሰዓት አያሳልፍም። ውሻን ከሚወድ ዝንጉ ሰው ይልቅ ውሻን የማይነካ ቃሉን ጠባቂ ሰው እመርጣለሁ፤ በዚህ የማይስማሙ ባልደረቦች እንዳሉኝ አውቃለሁ።

በክፍያ ውሻ የሚያሳድሩ ቤቶች በአዲስ አበባ ይገኛሉ። ከ400 ኪሎ ሜትር በላይ ተጉዞ ውሻን እዚያ ማድረስ ለአብዛኞቻችን አይታሰብም፤ ነገር ግን ከተማ ላይ የምትኖሩ ዘመዶቻችሁ ይጠይቋችሁ ይሆናል። መለኪያው አንድ ነው። ቤቱ የእናንተን ውሻ የክትባት ካርድ ካልጠየቀ፣ የሌሎቹንም አልጠየቀም ማለት ነው። ዲስቴምፐርም ሆነ የውሾች ሳል በትንፋሽ ይተላለፋሉ፤ አጥር ለአጥር መታሰር ብቻ ይበቃቸዋል።

ውሻውን አስከትሎ መጓዝም አማራጭ ነው፤ በአንድ ማሳሰቢያ። ከጎባ ወደ ደሎ መና የሚወስደው መንገድ የሳነቴን አምባ ያቋርጣል። መኪናውን እዚያ አቁሞ «ትንሽ ይናፈስ» ብሎ ውሻን መልቀቅ ቀበሮው ቤት ውስጥ መልቀቅ ነው። ከወረዱ በኋላ ይናፈስ።

ማንን ብትመርጡ ክትባቱ ከጉዞው ይቀድማል። የመጀመሪያው የእብድ ውሻ ክትባት በሦስት ወር ዕድሜው ይሰጣል፤ ከዓመት በኋላ ይደገማል። ክትባት ዕለቱን ጋሻ አይሆንም። የአውሮፓ ኅብረት ውሻን ከአገር አገር ለማሻገር ከመጀመሪያው ክትባት በኋላ 21 ቀን እንዲቆይ የሚያዝዘው በዚህ ምክንያት ነው። እንግዲህ ለፋሲካ የሚጓዝ ሰው ውሻውን ማስከተብ ያለበት በሆሳዕና ሳምንት ሳይሆን በጾሙ አጋማሽ ነው። ከ1990ዎቹ አጋማሽ (እ.ኤ.አ.) ጀምሮ የኢትዮጵያ ቀይ ቀበሮ ጥበቃ ፕሮግራም በፓርኩ ዙሪያ የገጠር ውሾችን ሲከትብ ቆይቷል፤ የዓለም የጤና ድርጅት በሽታው እንዲቆም ከውሾች 70 በመቶው መከተብ አለባቸው ይላል። ለሰውም ቢሆን ይህ ቁጥር ትርጉም አለው። በዓለም በየዓመቱ 59,000 ያህል ሰው በዚህ በሽታ ይሞታል ተብሎ ይገመታል፤ የሚይዛቸውም ከሞላ ጎደል ሁሉ ከውሻ ነው።

አሁን ብዙዎች ወደማያስቡት ነጥብ ልምጣ። አደራ ተቀባዩ የውሻውን የዘወትር ጠባይ አያውቅም። የእብድ ውሻ በሽታ የመጀመሪያ ምልክት ደግሞ የጠባይ መለወጥ ነው። መደበቅ፣ አለመብላት፣ ያለ ምክንያት መንከስ፣ የድምፅ መጎርነን፣ መዋጥ ማቃትና ለሃጭ ይታያሉ። ከእነዚህ የመጀመሪያዎቹን ሁለቱን ባለቤቱ የናፈቀው ጤነኛ ውሻም ያሳያል። ባለቤቱ «ይህ ውሻ እንግዳ ሲያይ ይደበቃል» ብሎ ካልነገረው፣ ተቀባዩ ጤነኛውን እንደ ታመመ ቆጥሮ ይገድለዋል፤ ወይም የታመመውን «ናፍቆት ነው» ብሎ ያባብለዋል። ሁለተኛው ስሕተት ሰው ይገድላል። አንድ ገጽ ወረቀት ላይ የውሻውን ልማድ፣ የክትባቱን ቀንና የስልክ ቁጥር ጽፎ መተው ከአንድ ጆንያ ምግብ ይበልጣል።

ውሻው ሰው ቢነክስስ? ቁስሉ ወዲያው በሳሙናና በውኃ ለ15 ደቂቃ ይታጠባል፤ የተነከሰውም ሰው ሳይውል ሳያድር ወደ ጤና ተቋም ይሄዳል። ውሻው ግን አይገደልም። ታስሮ ለ10 ቀን ይታያል፤ ሲነክስ ቫይረሱ በምራቁ ውስጥ የነበረ ውሻ በእነዚህ ቀናት ውስጥ ታሞ ይሞታልና። ተገድሎ የተቀበረ ውሻ ምንም አይነግረንም፤ የተነከሰው ቤተሰብም ለወራት በጥርጣሬ ይኖራል። በሕግ ረገድም በ1952 ዓ.ም. የወጣው የፍትሐ ብሔር ሕግ በቁጥር 2071 የእንስሳው ባለቤት፣ እንስሳው በድንገት አምልጦት እንኳ ቢሆን፣ ላደረሰው ጉዳት ኃላፊ መሆኑን ይደነግጋል። «አገር ውስጥ አልነበርኩም» መከላከያ አይሆንም ማለት ነው። ስለዚህ የሕክምናውን ወጪ የሚሸፍን ጥቂት ገንዘብ ለተቀባዩ መተው ለራስም ጥንቃቄ ነው።

ስትመለሱ ከሰላምታው ቀጥሎ የውሻውን ጆሮ፣ አንገትና እግሮች በዓይናችሁ መርምሩ። የንክሻ ጠባሳ ካለ፣ ቀድሞ የተከተበ ቢሆንም ሳትዘገዩ እንደገና አስከትቡትና አስራችሁ ተከታተሉት፤ በሽታው ለሳምንታት፣ አንዳንዴም ለወራት ተደብቆ ይቆያል። ጎረቤታችሁንም «አምልጦህ ነበር?» ብላችሁ ስትጠይቁ እውነቱን እንዲነግራችሁ አድርጋችሁ ጠይቁ፤ የሚቆጣ ባለቤት ትክክለኛ መልስ አያገኝም።

ጥያቄ ያላችሁ እጃችሁን አሳዩኝ፤ ከኋላ ካሉት እጀምራለሁ።