ተክሊል የሚያደርስ ካህን እንዴት ይሾማል?

ባሕር ዳር፦ ጥር ሲገባ፣ ዳግመኛም ከትንሣኤ በኋላ ያሉት ሳምንታት ሲደርሱ፣ በገጠርም በከተማም ሽማግሌ ይላካል፣ ጠላ ይጠነሰሳል፣ ዳስ ይጣላል። ቤተሰብ ስለ ድግሱ፣ ስለ ጥሎሹና ስለ ሚዜው አጥብቆ ይመክራል። ጋብቻውን በቤተ ክርስቲያን ለመፈጸም የወሰኑ ወገኖች ግን ከሁሉ አስቀድመው ሊያጣሩት የሚገባ ጉዳይ አለ፤ ይኸውም በሙሽሮቹ ላይ ጸሎት አድርሶ አክሊል የሚደፋው አገልጋይ ሥልጣኑን ከየትና እንዴት አገኘው የሚለው ነው። ሥልጣን በሌለው ሰው የተፈጸመ ሥርዓት በቤተ ክርስቲያን ዘንድ እንዳልተፈጸመ ይቆጠራል። በሥርዓቱ ቢፈጸምም ሳይመዘገብ የቀረ ጋብቻ ደግሞ ከዓመታት በኋላ በመሬት፣ በውርስና በልጆች ጉዳይ ላይ ክርክር ያስነሣል።

ማን ይባርካል?

በኢትዮጵያ ኦርቶዶክስ ተዋሕዶ ቤተ ክርስቲያን ትምህርት ጋብቻ ከሰባቱ ምሥጢራት አንዱ ሲሆን፣ ምሥጢረ ተክሊል ተብሎ ይጠራል። ክህነትም ራሱን የቻለ ሌላ ምሥጢር ነው። ፍትሐ ነገሥትም ስለ ጋብቻ በሚናገርበት አንቀጹ የምእመናን ጋብቻ ያለ ካህናትና ያለ ጸሎት እንደማይጸና ይደነግጋል።

የክህነት ዋና ዋና መዓርጋት ሦስት ናቸው፤ እነርሱም ዲቁና፣ ቅስናና ኤጲስ ቆጶስነት ናቸው። ዲያቆን ይራዳል፣ ያነብባል፣ ያዜማል፤ ነገር ግን አይባርክም፣ ኃጢአትም አይናዝዝም። በሙሽሮች ላይ የተክሊልን ጸሎት ማድረስና መባረክ የቄስ ወይም ከቄስ በላይ መዓርግ ያለው ካህን ድርሻ ነው።

በዚህ ረገድ ብዙ ሰው የሚያደናግረው አለባበስና የማዕርግ ስም ነው። ጥምጥም የጠመጠመ ሁሉ ቄስ አይደለም። መሪጌታ የዜማና የትምህርት አገልግሎት ማዕርግ ነው፤ ደብተራም ቅኔ፣ ዜማና አቋቋም የተማረ የቤተ ክርስቲያን ባለሙያ ነው። እነዚህ ሊቃውንት ቅስና ካልተቀበሉ በቀር፣ ዕውቀታቸው የቱንም ያህል ጥልቅ ቢሆን፣ ጋብቻን መባረክ አይችሉም። በአንጻሩ በአንዲት የገጠር ደብር የሚያገለግል፣ ዝናው ከአጥቢያው ያላለፈ ቄስ ሙሉ ሥልጣን አለው። ሥልጣኑን የሚያስገኘው ዕውቀት ብቻ ሳይሆን ሹመት ነው።

ከፊደል ገበታ እስከ ዲቁና

ወደ ክህነት የሚወስደው መንገድ የሚጀምረው ከንባብ ቤት ነው። ሕፃኑ ፊደል ቆጥሮ፣ አቡጊዳንና መልእክተ ዮሐንስን ተምሮ፣ በመዝሙረ ዳዊት ንባቡን ያጠናቅቃል። ቀጥሎ ግብረ ዲቁናን፣ ማለትም ዲያቆን በቅዳሴ ጊዜ የሚያገለግልበትን ንባብና ዜማ ያጠናል። በቆሎ ትምህርት ቤት የሚማሩ ብዙ ልጆች ከወላጆቻቸው ርቀው፣ በእንተ ስማ ለማርያም ብለው እየለመኑ ይህን ደረጃ ይሻገራሉ።

ትምህርቱ ሲበቃ በመምህሩና በአጥቢያው ምስክርነት ዕጩው ወደ ሊቀ ጳጳሱ ይቀርባል። የመሾም ሥልጣን ያለው ጳጳስ ብቻ ስለሆነ፣ የቱም መምህር ወይም የደብር አስተዳዳሪ ተማሪውን በራሱ ዲያቆን ሊያደርገው አይችልም።

ይህ ሕግ በቀደመው ዘመን ከባድ ሸክም ነበረው። ቤተ ክርስቲያኒቱ ለብዙ መቶ ዓመታት ጳጳሷን የምታገኘው ከግብፅ እስክንድርያ ነበር፤ አብዛኛውን ጊዜም ለመላው አገሪቱ የነበረው አቡን አንድ ብቻ ነበር። በመሆኑም ዲቁናና ቅስና ፈላጊዎች አቡኑ ወዳለበት ስፍራ የብዙ ቀን መንገድ በእግር ይጓዙ ነበር። አቡኑ ሲሞትም ሌላ እስኪመጣ ድረስ ሹመት ይቋረጥ ነበር። በ1943 ዓ.ም. አቡነ ባስልዮስ የመጀመሪያው ኢትዮጵያዊ ሊቀ ጳጳስ፣ በ1951 ዓ.ም. ደግሞ የመጀመሪያው ፓትርያርክ ሆነው ከተሾሙ በኋላ ግን ኢትዮጵያውያን ጳጳሳት በየሀገረ ስብከቱ ተመደቡ። ዛሬ ዕጩው ማስረጃውን በሰበካ ጉባኤው፣ በወረዳ ቤተ ክህነቱና በሀገረ ስብከቱ በኩል አስይዞ ይቀርባል።

አስቀድሞ ጋብቻ፣ ቀጥሎ ቅስና

ከዲቁና ወደ ቅስና የሚደረገው ሽግግር ሁለት መንገድ አለው። አንደኛው ምንኵስና ነው፤ መንኵሶ ቅስና የሚቀበለው ካህን ሚስት አያገባም። ሁለተኛው፣ በአጥቢያ አብያተ ክርስቲያናት የተለመደው፣ የሕግ ቄስነት ነው። በዚህኛው መንገድ ዲያቆኑ ቅስና ከመቀበሉ በፊት በተክሊል ማግባት አለበት። ቅደም ተከተሉ አይገለበጥም፤ ቄስ ከሆኑ በኋላ ማግባት አይፈቀድምና።

ደንቡ ከዚህም ይጠብቃል። ዲያቆኑም የሚያገባት ልጃገረድም በድንግልና የኖሩ እንዲሆኑ ይጠየቃል። ዲያቆኑ ከጋብቻ በፊት ንጽሕናውን ካጣ ወደ ቅስና አያልፍም። ቄስ ሚስቱ ብትሞትበት ዳግመኛ አያገባም፤ ወይ ብቻውን ይኖራል፣ ወይ መንኵሶ በክህነቱ ይቀጥላል። ሁለተኛ ካገባ ግን ክህነቱ ይቀርና እንደ ማንኛውም ምእመን ይሆናል። እንግዲህ የሌሎችን ጋብቻ የሚባርከው ሰው አስቀድሞ በራሱ ጋብቻ ይፈተናል ማለት ነው።

ለቅስና የሚያስፈልገው ትምህርትም ከዲቁናው ይሰፋል። ዕጩው ሥርዓተ ቅዳሴን ከእነ ዜማው ጠንቅቆ ማወቅ ይኖርበታል። በቤተ ክርስቲያኒቱ 14 ቅዳሴያት ሲኖሩ፣ በዜማ ረገድ ደብረ ዓባይና ሰለልኩላ የተባሉት ሁለት ስልቶች የታወቁ ናቸው። ከቅዳሴው ጋር መጽሐፈ ክርስትናን፣ መጽሐፈ ተክሊልንና ሌሎች የአገልግሎት መጻሕፍትን ያጠናል። ፈተናውን ሲያልፍና የአጥቢያው ምእመናን ስለ ጠባዩ ሲመሰክሩለት ሊቀ ጳጳሱ እጁን ጭኖ ይሾመዋል።

የሙሽራይቱ ዕድሜ

ከጋብቻ በፊት ንጽሕናን የሚጠይቀው ይህ ደንብ በአንዳንድ አካባቢዎች ጎጂ ልማድ አስከትሎ ቆይቷል። ለዲያቆን የምትታጨው ልጅ ድንግል መሆኗ እንዲረጋገጥ በሚል ሰበብ ዕድሜዋ ያልደረሰ ሕፃን የምትዳርበት ጊዜ ነበር። ሆኖም ቤተ ክርስቲያኒቱ የምትጠይቀው ንጽሕናን እንጂ ሕፃንነትን አይደለም። ጋብቻ የሁለቱን ተጋቢዎች ነጻ ፈቃድ ይፈልጋል፤ ሕፃን ልጅ ደግሞ ይህን ፈቃድ ለመስጠት አትችልም።

የአገሪቱ ሕግም በዚህ ላይ ግልጽ ነው። በ1992 ዓ.ም. የወጣው የተሻሻለው የፌዴራል የቤተሰብ ሕግ፣ አዋጅ ቁጥር 213፣ ለወንድም ለሴትም ዝቅተኛውን የጋብቻ ዕድሜ 18 ዓመት አድርጎ ወስኗል። የአማራ ክልልም በ1995 ዓ.ም. ባወጣው የቤተሰብ ሕግ፣ አዋጅ ቁጥር 79፣ ይህንኑ ዕድሜ ተከትሏል። የወንጀል ሕጉ በአንቀጽ 648 ከቤተሰብ ሕጉ ውጭ ለአካለ መጠን ካልደረሰች ልጅ ጋር ጋብቻ የፈጸመ ሰው የልጅቱ ዕድሜ 13 ዓመትና ከዚያ በላይ ከሆነ እስከ 3 ዓመት፣ ከ13 ዓመት በታች ከሆነ ደግሞ እስከ 7 ዓመት በሚደርስ ጽኑ እስራት እንደሚቀጣ ይደነግጋል። የሃይማኖት ሥርዓት መፈጸሙ ከዚህ ተጠያቂነት አያድንም።

በመሆኑም የተክሊል ጥያቄ የሚቀርብለት ካህን የመጀመሪያው በር ጠባቂ ነው። ዕድሜዋን የሚያጠራጥር ሙሽራ ስትቀርብለት አልባርክም ማለት መብቱ ብቻ ሳይሆን ግዴታውም ነው።

በተክሊል ዕለት

ተክሊል በድንግልና ለኖሩ ሙሽሮች የሚፈጸም ሥርዓት ነው። ቀድሞ ያገቡ ወይም በድንግልና ያልጸኑ ምእመናን ደግሞ ንስሐ ገብተው፣ የመዓስባን ጸሎት ተደርሶላቸው፣ በቁርባን ይጋባሉ። ሁለቱም በቤተ ክርስቲያን የከበሩ ጋብቻዎች ናቸው፤ ልዩነቱ በጸሎቱና በአክሊሉ ላይ ነው።

ከዕለቱ አስቀድሞ የንስሐ አባት ተጋቢዎቹን ይመክራል፣ ያናዝዛል። በመካከላቸው ዝምድና አለመኖሩም ይጣራል፤ በአማራ አካባቢ ባህል ዘመዳሞች እስከ ሰባት ቤት ተቆጥረው ካልራቁ በቀር አይጋቡም። በዕለቱ በቀለበቱ፣ በካባውና በአክሊሉ ላይ ጸሎት ይደርሳል፤ ሙሽሮቹ ቅዱስ ዘይት ይቀባሉ፣ አክሊል ይደፉላቸዋል፤ ቅዳሴው ሲፈጸምም ይቆርባሉ።

ሥርዓቱ በቅዳሴ የሚታተም በመሆኑ አንድ ቄስ ብቻውን ሊያከናውነው አይችልም። ለቅዳሴ ቢያንስ 5 ልዑካን፣ ማለትም 2 ቀሳውስትና 3 ዲያቆናት ያስፈልጋሉና። ካህናቱም ሙሽሮቹም ከምግብና ከውኃ ተከልክለው ያድራሉ። በዐቢይ ጾምና በሌሎች አጽዋማት ሠርግ ስለማይደረግ፣ ቤተሰብ ቀን ከመቁረጡ በፊት አጥቢያውን መጠየቅ ይኖርበታል።

በሌሎች አብያተ ክርስቲያናት

በካቶሊክ ቤተ ክርስቲያን ጋብቻ በካህን ፊት፣ ሁለት ምስክሮች ባሉበት ይፈጸማል። በላቲን ሥርዓት ውክልና የተሰጠው ዲያቆንም ሊያስፈጽም ይችላል፤ በግእዝ ሥርዓት የሚያገለግሉት ኢትዮጵያውያን ካቶሊካውያን ግን የምሥራቅ ሥርዓት ተከታዮች ስለሆኑ የካህን ቡራኬ የግድ ነው። በወንጌላውያን አብያተ ክርስቲያናት ሥርዓቱን የሚመራው በየቤተ እምነቱ ደንብ የተሾመ ቄስ፣ መጋቢ ወይም ሽማግሌ ነው።

ዘመዶቻቸው በአሜሪካ የሚኖሩ ቤተሰቦች ከዚህ ፈጽሞ የተለየ አሠራር ሊያጋጥማቸው ይችላል። በዚያ አገር ግዛቶች ለተጋቢዎች የጋብቻ ፈቃድ ይሰጣሉ፤ ጋብቻውን ያስፈጸመው ሰው በፈቃዱ ላይ ፈርሞ ለመንግሥት ጽሕፈት ቤት ይመልሳል። ስለዚህ እዚያ ያለ ቄስ ለእምነቱም ለመንግሥትም ያገለግላል። ይህን በር ተከትለው ትምህርትም ሆነ ጳጳስ ሳይጠይቁ በኢንተርኔት ስምን በማስመዝገብ ብቻ ሹመት የሚሰጡ ድርጅቶች ተፈጥረዋል፤ በካሊፎርኒያ እ.ኤ.አ. በ1962 የተቋቋመው ዩኒቨርሳል ላይፍ ቸርች ከእነዚህ የታወቀው ነው። በብዙ ግዛቶች እንዲህ ያለ ሰው ያስፈጸመው ጋብቻ በመንግሥት ዘንድ ይጸናል። በኦርቶዶክስ ተዋሕዶ ዘንድ ግን ሹመቱ ክህነት አይደለም፤ ጋብቻውም ተክሊል አይባልም።

ከቤተ ክርስቲያን ወደ ቀበሌ

በኢትዮጵያ ሕግ ጋብቻ በሦስት መንገድ ይፈጸማል፤ በክብር መዝገብ ሹም ፊት፣ በሃይማኖት ሥርዓትና በባህል ሥርዓት። ሦስቱም እኩል ጽናት አላቸው። ዕድሜ፣ ነጻ ፈቃድና ሌላ የጸና ጋብቻ አለመኖር በሁሉም ዓይነት ይጠየቃሉ። የካህኑ ቡራኬ ጋብቻውን ያጸናል፤ ምዝገባውን ግን አይተካም። ጋብቻው በየትኛውም ሥርዓት ቢፈጸም መመዝገብ እንዳለበት ሕጉ ያዝዛል። በ2004 ዓ.ም. በወጣው አዋጅ ቁጥር 760 መሠረት የወሳኝ ኩነት ምዝገባ በቀበሌ ደረጃ የሚከናወን ሲሆን፣ በአገር አቀፍ ደረጃ በ2008 ዓ.ም. ተጀምሯል።

የምዝገባው ጥቅም የሚታወቀው ችግር ሲመጣ ነው። ባል ሞቶ የባል ዘመዶች ሚስትነቷን ቢክዱ፣ በይዞታ ደብተሩ ላይ ስሟ ሳይገባ ቢቀር፣ ወይም ትዳሩ ፈርሶ የንብረት ክፍፍል ቢመጣ፣ ፍርድ ቤት በመጀመሪያ የሚጠይቀው የጋብቻ ምስክር ወረቀት ነው። ወረቀቱ ከሌለ ሕጉ ሌላ መንገድ አስቀምጧል፤ ሁለቱ እንደ ባልና ሚስት መኖራቸውንና ቤተሰብም ማኅበረሰብም እንዲሁ ያውቃቸው እንደነበር በምስክር ማስረዳት ይቻላል። ይህ ግን ጊዜና ገንዘብ ይፈጃል። በሠርጉ ዕለት የነበሩት ምስክሮች ደግሞ እያረጁና እየሞቱ ይሄዳሉ።

ስለዚህ ሠርግ ያሰበ ቤተሰብ አስቀድሞ በአጥቢያው ሰበካ ጉባኤ በኩል የሚያገለግሉትን ካህናት ማንነት ማረጋገጥ ይጠቅመዋል። ከሌላ ስፍራ የሚመጣ ካህን ካለም ከመጣበት ደብር ወይም ከወረዳ ቤተ ክህነቱ የተሰጠውን ማስረጃ ማሳየቱ ነውር አይደለም፤ ሥልጣን ያለው ካህን ይህን ሲጠየቅ አይከፋውም። ሥርዓቱ ሲፈጸም ባልና ሚስት ከቤተ ክርስቲያኒቱ የጋብቻ ማስረጃቸውን ተቀብለው፣ ከምስክሮቻቸው ጋር ሳይዘገዩ ወደ ቀበሌያቸው ይሂዱ። ጫጉላው ሳያልፍ የተያዘች ያቺ ወረቀት ነገ የሚወለዱ ልጆችን ከክርክር ታድናለች።