ወቅታዊ ቀለሞችን በአንድ ቤት ማዋሐድ፦ የብሩህነት ቀዳሚነት

የጨርቃ ጨርቅና የፋሽን ኢንዱስትሪ የቀለም ትንበያ በዓመት ሁለት ጊዜ፣ ለሞቃቱና ለቀዝቃዛው ወቅት፣ ይወጣል። ፓንቶን የተባለው የአሜሪካ ድርጅት ደግሞ ከ2000 እ.ኤ.አ. ጀምሮ በየዓመቱ «የዓመቱ ቀለም» ይሰይማል። ሶፋና ምንጣፍ ግን ከአንድ ወቅት እጅግ የረዘመ ዕድሜ አላቸው። በመሆኑም በአንድ ሳሎን ውስጥ የተለያዩ ዓመታት ቀለሞች መገናኘታቸው አይቀርም። አዲስ ቀለም በመጣ ቁጥር ሁሉን መለወጥ ለአብዛኛው ቤተሰብ አይቻልም፤ ያለ መመሪያ መደባለቅም ብዙ ወጪ ወጥቶበት የማያምር ክፍል ያስከትላል። ይህ ጽሑፍ ወቅታዊ ቀለሞችን ለማዋሐድ በቅድሚያ ሊታይ የሚገባው የቀለሙ ዓይነት ሳይሆን ብሩህነቱ መሆኑን ያስረዳል።

የችግሩ ምንጭ ቀለም በናሙና ወረቀት ላይ ለብቻው መቅረቡ፣ በቤት ውስጥ ግን ምንጊዜም ከጎረቤቶቹ ጋር መታየቱ ነው። ፈረንሳዊው ኬሚስት ሚሼል ኧዤን ሸቭረል በፓሪስ የጎብለን የሽመና ማዕከል የማቅለሚያ ክፍል ኃላፊ ሳለ፣ ጥቁሩ ክር በቂ ጥቁረት የለውም የሚል ቅሬታ ይቀርብ ነበር። ጉዳዩን ሲመረምር ጉድለቱ ከማቅለሚያው ሳይሆን ከጥቁሩ ጎን ከተሸመኑት ቀለሞች የመነጨ ሆኖ አገኘው። ግኝቱን በ1839 እ.ኤ.አ. ባሳተመው መጽሐፍ አብራርቷል። ስለዚህ የአንድ ቀለም ውበት በራሱ ብቻ አይመዘንም፤ ከአጠገቡ ካለው ጋር ባለው ግንኙነት ጭምር እንጂ።

ይህን ግንኙነት ለመለካት አሜሪካዊው ሠዓሊና መምህር አልበርት መንሴል በ1905 እ.ኤ.አ. ያቀረበው ሥርዓት ይረዳል። በዚህ ሥርዓት እያንዳንዱ ቀለም ሦስት ባሕርያት አሉት፤ እነርሱም ዓይነት (ቀይ፣ ቢጫ፣ ሰማያዊ ወዘተ)፣ ብሩህነት (ምን ያህል ወደ ነጭ ወይም ወደ ጥቁር እንደሚቀርብ) እና ድምቀት (ከግራጫ ምን ያህል እንደሚርቅ) ናቸው። የፓንቶን የጨርቃ ጨርቅ መለያ ቁጥርም ተመሳሳይ መረጃ ይዟል። ከስድስቱ አኃዞች የመጀመሪያዎቹ ሁለቱ ብሩህነትን፣ ቀጣዮቹ ሁለቱ ዓይነትን፣ የመጨረሻዎቹ ሁለቱ ድምቀትን ያመለክታሉ። የብሩህነቱ ቁጥር ከፍ ባለ መጠን ቀለሙ ይጨልማል።

ለአብነት የሦስት ተከታታይ ዓመታትን ቀለሞች እንመልከት። የ2023ቱ ቪቫ ማጀንታ፣ ወደ ሐምራዊ ያደላ ቀይ፣ 18-1750 ነው። የ2024ቱ ፒች ፈዝ፣ ፈዘዝ ያለ የኮክ ቀለም፣ 13-1023 ሲሆን የ2025ቱ ሞካ ሙስ፣ ለስላሳ ቡናማ፣ 17-1230 ነው። ፒች ፈዝና ሞካ ሙስ በዓይነት ይቀራረባሉ (10 እና 12)፤ በብሩህነት ግን በአራት ደረጃ ይራራቃሉ። ስለሆነም ዝምድናቸው ሳይጠፋ ድንበራቸው በግልጽ ይለያል። ሞካ ሙስና ቪቫ ማጀንታ ግን በዓይነትና በድምቀት ቢራራቁም በብሩህነት የሚለያዩት በአንድ ደረጃ ብቻ ነው። ዐይን በደብዛዛ ብርሃን የቀለም ዓይነትን የመለየት አቅሙ ስለሚቀንስ፣ በቡናማው ሶፋ ላይ የተቀመጠው ቀይ ትራስ በምሽት ከሶፋው ጋር ሊዋጥ ይችላል። መፍትሔው ቀዩን መተው ሳይሆን በሁለቱ መካከል ብሩህ የሆነውን የኮክ ቀለም ማስገባት ነው።

ቀጣዩ ጥያቄ የስፋት ድርሻ ነው። የቤት ውስጥ ዲዛይን ባለሙያዎች በልማድ 60፣ 30 እና 10 በመቶ የሚል ክፍፍል ይጠቀማሉ፤ ይኸውም ለዋናው፣ ለደጋፊውና ለማድመቂያው ቀለም ነው። ክፍፍሉ የተፈጥሮ ሕግ አይደለም፤ መሠረተ ሐሳቡ ግን ለእኛ እንግዳ አይሆንም። በነጠላ ላይ ሰፊው ነጭ መደብ ጠባቡን ጥለት ያጎላዋል፤ ጥለቱ ቢለወጥም መደቡ ያው ነው። በቤትም ግድግዳና ሶፋ ድምቀታቸው ዝቅተኛ በሆነ ቀለም ቢያዙ፣ ወቅታዊው ቀለም በትራስ ልብስ፣ በመጋረጃ ማሰሪያ ወይም በጠረጴዛ ልብስ ላይ በትንሽ ወጪ ሊገባና ሊወጣ ይችላል።

በመጨረሻም ምርጫው ቀለሙ በሚውልበት ክፍል ብርሃን መፈተን አለበት። በአንድ ብርሃን ሥር የተመሳሰሉ ሁለት ጨርቆች በሌላ ብርሃን ሊለያዩ ይችላሉ፤ ይህ ክስተት ሜታሜሪዝም ይባላል። 2,700 ኬልቪን የሆነ አምፖል ወደ ቢጫ ያደላ ብርሃን ሲሰጥ፣ 6,500 ኬልቪን የሆነው ወደ ሰማያዊ ያደላል። ስለዚህ ናሙናዎቹን ጎን ለጎን አድርጎ በቀንም በምሽትም ማየት ያስፈልጋል። የብሩህነት ልዩነትን በግምት ለማወቅ ደግሞ ናሙናዎቹን በስልክ ፎቶግራፍ አንሥቶ ምስሉን ወደ ጥቁርና ነጭ መለወጥ ይቻላል። በዚያ ምስል ላይ የማይለያዩ ሁለት ቀለሞች በክፍሉ ውስጥ ሦስተኛ፣ ከእነርሱ የበራ ወይም የጨለመ ቀለም ይሻሉ።