የታሸገው ካርቶን ዋጋ

ሰዎች ያረጁ ዕቃዎችን መሰብሰብ የጀመሩት ዛሬ አይደለም። ቴምብር፣ ሳንቲምና የቆየ የወረቀት ገንዘብ የሚሰበስቡ ሰዎችን ሁላችንም እናውቃለን። ባለፉት ዓመታት ግን በዚህ ዝርዝር ላይ አንድ እንግዳ ዕቃ ተጨምሯል፤ ይኸውም በ1980ዎቹና በ1990ዎቹ የተሠራ የቪዲዮ ጨዋታ ነው። እ.ኤ.አ. በኦገስት 2021 «ሱፐር ማሪዮ ብራዘርስ» የተሰኘው የኒንቴንዶ ጨዋታ አንድ ያልተከፈተ ቅጂ በዩናይትድ ስቴትስ በ2 ሚሊዮን ዶላር ተሸጠ። ይህንኑ ቅጂ «ራሊ» የተባለው ኩባንያ በኤፕሪል 2020 የገዛው በ140,000 ዶላር ነበር። በአሥራ ስድስት ወራት ውስጥ ዋጋው ከ14 እጥፍ በላይ አደገ ማለት ነው።

ውድ አንባብያን፣ «የፊዚክስ መምህር ስለ ገበያ ምን አገባው?» ትሉ ይሆናል። ነገሩን ቀረብ ብለን ስንመረምረው ግን በክፍል ውስጥ ከምንማረው ብዙም የራቀ ሆኖ አናገኘውም።

ብርቅ የሆነው ምኑ ነው?

ፍላጎት ሲበዛና አቅርቦት ሲያንስ ዋጋ ይንራል። የፍላጎቱ ምንጭ ግልጽ ነው። በልጅነታቸው እነዚህን ጨዋታዎች የተጫወቱት ሰዎች ዛሬ የራሳቸው ገቢ ያላቸው ጎልማሶች ናቸው። በ2020 በኮቪድ-19 ምክንያት ብዙዎች ቤታቸው ሲውሉ ወደ ልጅነት ትዝታቸው ተመለሱ፤ ትርፍ ፈላጊዎችም እግር በእግር ተከተሏቸው።

የአቅርቦቱ ጉዳይ ግን ጥያቄ ያስነሣል። በእርግጥም በቁጥር ጥቂት የሆኑ ጨዋታዎች አሉ። ለምሳሌ ኒንቴንዶ በ1990 ላዘጋጀው ውድድር የተሠሩት ካርትሪጆች 90 ግራጫና 26 ወርቃማ ብቻ ናቸው። «ሱፐር ማሪዮ ብራዘርስ» ግን ከ40 ሚሊዮን ቅጂ በላይ ተሸጧል። እንግዲያው ብርቅ የሆነው ጨዋታው ሳይሆን አለመከፈቱ ነው።

እዚህ ላይ ሁለተኛውን የቴርሞዳይናሚክስ ሕግ እናስታውስ። የፕላስቲኩን መጠቅለያ ለመቅደድ አንድ ሴኮንድ ይበቃል፤ የተቀደደውን እንዳልተቀደደ አድርጎ መመለስ ግን አይቻልም። «የፈሰሰ ውኃ አይታፈስም» እንደሚባለው ነው። ፋብሪካው ማምረቱን ካቆመ በኋላ ያልተከፈቱት ቅጂዎች ቁጥር ሊቀንስ እንጂ ሊጨምር አይችልም። ሰብሳቢው የሚከፍለው ለዚህ ወደ አንድ አቅጣጫ ብቻ ለሚሄድ ሒደት ነው።

የአንድ ቢት ዋጋ

አሁን ጥቂት እናስላ። የ«ሱፐር ማሪዮ ብራዘርስ» ሙሉ ፕሮግራም፣ ሥዕሎቹን ጨምሮ፣ 40 ኪሎ ባይት ብቻ ነው። ይህ 40,960 ባይት፣ ወይም 327,680 ቢት ይሆናል። 2 ሚሊዮን ዶላሩን ለዚህ ብናካፍለው እያንዳንዱ ዜሮ ወይም አንድ ከ6 ዶላር በላይ ያወጣል። በእጅ ስልክ የምናነሣው አንድ ፎቶግራፍ ግን ከዚህ ጨዋታ በብዙ እጥፍ የሚበልጥ መረጃ ይዟል፤ ወደ ሌላ ስልክ ለመላክም ጥቂት ሴኮንድ ይበቃዋል።

ከዚህ የምንረዳው ገዢው የከፈለው ለመረጃው አለመሆኑን ነው። መረጃ አንዲት ቢት ሳይጎድልበት ሊገለበጥ ይችላል፤ ካርቶኑና መጠቅለያው ግን አይገለበጡም።

እሽጉ ውስጥ ጊዜ አይቆምም

በጁላይ 2021 «ዘ ሌጀንድ ኦፍ ዜልዳ» የተባለው ጨዋታ አንድ የታሸገ ቅጂ በ870,000 ዶላር ተሸጧል። ይህ ጨዋታ ተጫዋቹ የደረሰበትን ቦታ የሚያስታውሰው በካርትሪጁ ውስጥ ባለች ባለ 3 ቮልት የሊቲየም ባትሪ አማካይነት ነው። ጨዋታው በዩናይትድ ስቴትስ ከወጣበት ከ1987 ጀምሮ ባትሪዋ በዝግታ እየደከመች ትሄዳለች፤ ዕድሜዋ በዐሥርተ ዓመታት የሚቆጠር እንጂ ዘላለማዊ አይደለም። ዛሬ ትሠራ እንደሆነ ለማወቅ እሽጉን መቅደድ ያስፈልጋል፤ እሽጉ ከተቀደደ ደግሞ ዋጋው ይወድቃል። ስለዚህ በብዙ መቶ ሺህ ዶላር የተገዛ ዕቃ ይሠራ አይሠራ ባለቤቱ እንኳ ሊያውቅ አይችልም።

መጫወቻ መሣሪያዎቹም እንዲሁ ያረጃሉ። በውስጣቸው ያሉት ኤሌክትሮሊቲክ ካፓሲተሮች ፈሳሻቸው ይደርቃል ወይም ይፈስሳል፤ በሲዲ ላይ ያለው የአሉሚኒየም ሽፋን አየር ካገኘው ይበላሻል። «ዳክ ሀንት» በተባለው ጨዋታ ተጫዋቹ የሽጉጡን ቃታ ሲስብ ስክሪኑ ለቅጽበት ይጠቁርና ዒላማው ብቻ ነጭ ሆኖ ይበራል፤ ሽጉጡ ብርሃኑን በትክክለኛው ቅጽበት ካየ ዒላማው ተመትቷል። ይህ የሚሠራው የኤሌክትሮን ጨረር ሥዕሉን ወዲያውኑ በሚስልበት በድሮው ባለ ቱቦ ቴሌቪዥን ላይ ነው። ጠፍጣፋው ስክሪን ሥዕሉን በጥቂት ሚሊ ሴኮንድ ስለሚያዘገይ ሽጉጡ ዕውር ይሆናል።

ምን እናጣለን?

ዋጋ ሲንር ዕቃው የሚሠራበት ሰው እጅ ሳይሆን የሚያስቀምጠው ሰው ካዝና ይገባል። በውስጡ ያለውን ምሕንድስና ሊመረምር የሚሻ ተማሪ ወይም አነስተኛ ሙዚየም ከገበያው ይወጣል። ገበያው ከ2021 ከፍታው በኋላ መቀዝቀዙም ይህን አልለወጠውም። የቪዲዮ ጌም ሂስትሪ ፋውንዴሽን በ2023 ባወጣው ጥናት፣ ከ2010 በፊት በዩናይትድ ስቴትስ ከወጡት ጨዋታዎች 87 በመቶዎቹ ዛሬ በመደበኛ ሽያጭ አይገኙም። ቤተ መጻሕፍት እንዲህ ያሉትን ጨዋታዎች ለተመራማሪዎች በርቀት እንዲያሳዩ እንዲፈቀድላቸው የቀረበውን ጥያቄም የአገሪቱ የቅጂ መብት ቢሮ በኦክቶበር 2024 ውድቅ አድርጎታል። የባለ መብቶችን ጥቅም መጠበቅ ተገቢ ነው፤ ይሁን እንጂ ማንም የማይሸጠውንና ማንም ሊያየው የማይችለውን ሥራ ጊዜ ሲበላው ተጠቃሚ የሚሆን ወገን አይታየንም።

የብራና መጻሕፍት ለዘመናት የተሻገሩት ስለ ታሸጉ አልነበረም። ቁም ጸሐፊዎች አሮጌው ሳይጠፋ ወደ አዲስ ብራና ስለ ገለበጧቸው ነው። የጨዋታውም መረጃ የሚተርፈው በዚሁ መንገድ ብቻ ነው።

ይህ ሕግ ለጨዋታ ብቻ የሚሠራ አይደለም። በመሳቢያችን ውስጥ በፍሎፒ ዲስክ ወይም በሲዲ የተቀመጠ የመመረቂያ ጽሑፍ፣ የቤተ ሙከራ መረጃ ወይም በተማሪ የተጻፈ ፕሮግራም ካለ እርሱም በዚያው አቅጣጫ እየተጓዘ ነው። ለእነዚህ ማንም 2 ሚሊዮን ዶላር አይከፍልም፤ ከጠፉም ምትክ የላቸውም። ስለዚህ ዲስኩን የሚያነብ መሣሪያ እስከተገኘ ድረስ ዛሬውኑ እንገልብጣቸው።