ውኃ በደባርቅ በስንት ዲግሪ ይፈላል?

አንድ የሳይንስ መጽሐፍ «የአየር ግፊቱ በባሕር ጠለል ላይ ያለውን ያህል ሲሆን፣ ንጹሕ ውኃ በ100 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ይፈላል» ይላል እንበል። ይህን ዓረፍተ ነገር ለአንደኛ ደረጃ መምህርነት የሚሠለጥኑ ተማሪዎች እንዲያነቡት ካደረግን በኋላ መጽሐፉን አስከድነን «ምን ይላል?» ብለን ስንጠይቅ፣ ብዙውን ጊዜ የምናገኘው መልስ «ውኃ በ100 ዲግሪ ይፈላል» የሚል ነው። ቁጥሩ ተይዟል፤ ቁጥሩ እውነት የሚሆንበት ሁኔታ ግን ወድቋል።

ፈሳሽ የሚፈላው የእንፋሎቱ ግፊት ከላዩ ከተጫነው የአየር ግፊት ጋር ሲስተካከል ነው። ከፍታ በጨመረ መጠን ከበላይ የሚቀረው አየር ስለሚያንስ ግፊቱ ይቀንሳል፤ ውኃውም በአነስተኛ ሙቀት ይፈላል። ቅናሹ በየ300 ሜትሩ 1 ዲግሪ ያህል ነው። ስለሆነም 2,100 ሜትር ገደማ ላይ በምትገኘው ጎንደር ውኃ በ93 ዲግሪ ግድም ሲፈላ፣ ከ2,800 ሜትር በላይ በሆነችው ደባርቅ ከ90 እስከ 91 ዲግሪ ባለው ይፈላል። በደጋ ባቄላ ቶሎ አልበስል የሚለውም በዚሁ ምክንያት ነው፤ ድስቱ እስካልታፈነ ድረስ ማገዶ ቢጨመር ውኃው ቶሎ ይተናል እንጂ ከዚያ በላይ አይሞቅም።

እንግዲህ በደባርቅ አንድ ልጅ የፈላ ውኃ ለክቶ «91» ቢል፣ ሁኔታውን ዘሎ ያነበበ መምህር ምን ይለዋል? «ተሳስተሃል» ይለዋል ብለን እንሰጋለን። ልጁ ግን ትክክል ነው።

ችግሩ የእንግሊዝኛ ነው የሚሉ አሉ። በ1986 ዓ.ም. የወጣው የትምህርትና ሥልጠና ፖሊሲ አንደኛ ደረጃ በአፍ መፍቻ ቋንቋ፣ ከዚያ በላይ ያለው በእንግሊዝኛ እንዲሰጥ ስለደነገገ፣ በእንግሊዝኛ ያነበበውን በአማርኛ የሚያስተምር መምህር ድርብ ሸክም እንዳለበት አንክድም። ዳሩ ግን ከላይ የጠቀስነው ዓረፍተ ነገር በአማርኛ ነው!

የጎንደር ሊቃውንት ይህን ሥራ ያውቁታል። በንባብ ቤት ንባብ ይጠናል፤ በመጻሕፍት ቤት ደግሞ የግእዙ ንባብ ሐረግ በሐረግ እየተነሣ በአማርኛ ይተረጎማል፣ «አንድም» እየተባለም ሌላ ፍች ይታከልበታል። አንባቢ ሁሉ ተርጓሚ አይባልም። ለሠልጣኞቻችንም ይኸው ይጠቅማቸዋል ብለን እናምናለን፦ በእያንዳንዱ ሐረግ ላይ ቆሞ «ይህ ባይኖርስ?» ብሎ መጠየቅ፣ ቀጥሎም መጽሐፉን ከድኖ ለጓደኛ በአማርኛ ማስረዳት።

በነገራችን ላይ፣ እኛም ስለ ግፊቱ ይህን ያህል ስናትት «ንጹሕ» የሚለውን ቃል ሳንነካው አልፈናል። ድስቱ ውስጥ ጨው ቢጨመርስ?