የምርት ሰርተፊኬት ቁጥር 700

ቦይንግ የመንገደኛ አውሮፕላኖቹን የሚሠራው የአሜሪካ ፌዴራል አቪዬሽን አስተዳደር (ኤፍ.ኤ.ኤ.) በሰጠው የምርት ሰርተፊኬት ቁጥር 700 ነው። ሰርተፊኬቱ የተሰጠው ለፋብሪካው ነው። ትርጉሙም ይህ ድርጅት የተፈቀደለትን ንድፍ ሳያዛንፍ፣ ዛሬም ነገም አንድ ዓይነት አድርጎ መሥራት ይችላል ብሎ መንግሥት አምኗል ማለት ነው።

ይህ ፈቃድ በሁለት ሌሎች ፈቃዶች መካከል የቆመ ነው። ከእሱ በፊት የሞዴሉ ንድፍ ተመርምሮ ይጸድቃል። በአሜሪካ ይህን የንድፍ ምስክር ወረቀት በቀዳሚነት ያገኘው በ1927 እ.ኤ.አ. ቡል ኤርስተር የተባለ አውሮፕላን ነበር። ከምርት ፈቃዱ በኋላ ደግሞ ከፋብሪካ የወጣው እያንዳንዱ አውሮፕላን የራሱን የበረራ ብቁነት ምስክር ወረቀት ከተመዘገበበት አገር ያገኛል። ኢትዮጵያም የፈረመችው የ1944ቱ የቺካጎ ስምምነት ይህን ያዛል። በመሆኑም የምዝገባ ፊደሉ «ኢቲ» የሆነ አውሮፕላን ወረቀቱን የሚቀበለው ከኢትዮጵያ ሲቪል አቪዬሽን ባለሥልጣን ነው።

የመጀመሪያው ፈቃድ ሲላላ ምን እንደሚከተል ለኢትዮጵያውያን መንገር አያስፈልግም። መጋቢት 1 ቀን 2011 ዓ.ም. ቢሾፍቱ አቅራቢያ በተከሰከሰው የኢትዮጵያ አየር መንገድ የበረራ ቁጥር 302 ቦይንግ አውሮፕላን 157 ሰዎች አልቀዋል። ኤምካስ የተባለው ሥርዓት በአንድ ጠቋሚ የተሳሳተ መረጃ ብቻ የአውሮፕላኑን አፍንጫ ወደ መሬት እንዲደፋ ሆኖ ተነድፎ ነበር። ሁለተኛው ፈቃድ ሲላላ የሚሆነው ግን እምብዛም አይወራም።

ጃንዋሪ 5 ቀን 2024 እ.ኤ.አ. ከፖርትላንድ፣ ኦሬገን የተነሳው የአላስካ አየር መንገድ 737 ማክስ 9 አውሮፕላን 177 ሰዎች ጭኖ ከፍታ እየጨመረ ሳለ የጎኑ አንድ ክፍል ተገንጥሎ ወደቀ። የወደቀው፣ አየር መንገዱ ተጨማሪ መውጫ በር ስለማያስፈልገው ክፍተቱን የሚደፍነው አካል ነበር። ከአጠገቡ ያሉት ሁለት መቀመጫዎች ባዶ ነበሩ። ሰው አልሞተም።

ችግሩ የንድፍ አልነበረም። መድፈኛው ወደ ላይ ተንሸራቶ እንዳይወጣ አራት ብሎኖች ይይዙታል፤ መርማሪዎች እንዳረጋገጡት አራቱም አልነበሩም። የአውሮፕላኑ ዋና አካል ከዊቺታ፣ ካንሳስ ተነስቶ ሬንተን ወደሚገኘው የቦይንግ ፋብሪካ ሲደርስ በመድፈኛው አጠገብ በትክክል ያልተመቱ ሪቬቶች ተገኙ። እነሱን ለማስተካከል በሴፕቴምበር 2023 መድፈኛው ተከፈተ። ሥራው ሲያልቅም ያለ ብሎን ተዘጋ። አውሮፕላኑ ተላልፎ ከተሰጠ በኋላ ከሁለት ወር በላይ ሲበር መድፈኛው ቀስ በቀስ ወደ ላይ ይንሸራተት ነበር።

ይህ ሁሉ እንዴት ከተቆጣጣሪ ዓይን አመለጠ? መድፈኛው ስለመከፈቱ የተጻፈ መዝገብ አልነበረም። በፋብሪካው ደንብ አንድ የተገጠመ አካል ሲፈታ ይመዘገባል፤ መዝገቡ ደግሞ መልሶ የመግጠሙን ሥራና የጥራት ተቆጣጣሪውን ፍተሻ ይጠራል። መዝገብ ከሌለ ተቆጣጣሪው የሚመጣበት ምክንያት የለም። አንድ ሠራተኛ ብሎን ሊረሳ ይችላል፤ ሰው ነውና። የምርት ፈቃድ የሚሰጠው ግን ያ ስህተት ከፋብሪካው በር እንዳይወጣ የሚያደርግ ሥርዓት አለ ተብሎ ነው።

ተቆጣጣሪ መሥሪያ ቤቶች ፈቃድ ሲሰጡ የሚመረምሩትም ይህንኑ ነው። የአውሮፓ ኅብረት የአቪዬሽን ደህንነት ኤጀንሲ (ኢያሳ) ፈቃድ ጠያቂው ድርጅት አሠራሩን በሰነድ እንዲዘረዝር፣ ለገንዘቡም ለሥራውም በስሙ የሚጠየቅ ኃላፊ እንዲሾም፣ ከአምራቹ ክፍል ነጻ የሆነ የጥራት ቁጥጥር እንዲኖረው ያስገድዳል። ዕቃ አቅራቢዎቹም ከዚህ አያመልጡም። ፈቃድ ያለው ድርጅት ለሚያወጣው መለዋወጫ «ፎርም 1» የተባለውን ወረቀት ይፈርማል፤ ገዢው ሜካኒክም ዕቃውን የሚያምነው በዚያ ፊርማ ነው። በ2023 አንድ የለንደን ነጋዴ ድርጅት ሐሰተኛ ወረቀት ያላቸውን የሞተር መለዋወጫዎች መሸጡ ሲታወቅ በልዩ ልዩ አገሮች ያሉ አየር መንገዶች ሞተሮቻቸውን ለመፈተሽ ተገደዋል።

ከፖርትላንዱ አደጋ በኋላ ኤፍ.ኤ.ኤ. 171 ማክስ 9 አውሮፕላኖችን ከበረራ አገደ፤ የ737 ማክስ ምርትም በወር ከ38 እንዳይበልጥ ወሰነ። የፋብሪካ ፈቃድ ያለው ጉልበት እዚህ ላይ ይታያል፤ ገበያ የሚጠይቀውን ያህል ማምረት የሚቻለው ተቆጣጣሪው እስካመነ ድረስ ብቻ ነው። ሆኖም የአሜሪካ ብሔራዊ የትራንስፖርት ደህንነት ቦርድ በጁን 2025 ባቀረበው ድምዳሜ፣ ለሠራተኞቹ በቂ ሥልጠና፣ መመሪያና ክትትል አላደረገም ሲል ቦይንግን ተጠያቂ ሲያደርግ ኤፍ.ኤ.ኤ.ንም አልማረውም፤ ክትትሉ ውጤታማ እንዳልነበረ በግልጽ አስፍሯል። ይህ ፍርድ ተገቢ ነው። ፈቃድ ሰጪው ፋብሪካው ውስጥ ገብቶ ሥራውን ካላየ ሰርተፊኬቱ ተሳፋሪን አይጠብቅም።

በኦክቶበር 2025 ኤፍ.ኤ.ኤ. የምርቱን ጣሪያ በወር ወደ 42 አውሮፕላን ከፍ አድርጎታል።