ቀድሞ የሚቀምሰው ማን ነው?

ሰውን እጅግ የሚያሳፍረው አለማወቁ ብቻ አይደለም፤ አለማወቁ በገበታ ላይ፣ በሰው ፊት ሲገለጥበት ነው። ይህን የምለው ከመጽሐፍ አንብቤ ሳይሆን በራሴ ስለ ደረሰ ነው።

ባለፈው ዓመት አንድ የዩኒቨርሲቲ ጓደኛዬ ሁለተኛ ዲግሪውን ሲቀበል አዲስ አበባ ከሚገኝ አንድ ትልቅ ሆቴል እራት ጋበዘን። «መምህሩ እያለ እኔ አልመርጥም» ብሎ የመጠጡን ዝርዝር ለእኔ አሳለፈው። እኔም ስሙን ከማውቀው ቀይ የወይን ጠጅ አንዱን አዘዝሁ። አሳላፊው ጠርሙሱን ይዞ መጥቶ አሳየኝ፤ ራሴን ነቀነቅሁ። ቡሹን ነቀለና ከብርጭቆዬ ግርጌ አንድ ጉንጭ የማይሞላ ነገር ጠብ አድርጎ ቀጥ ብሎ ቆመ። ብጠብቀው አይጨምርም። «ምነው ወንድሜ፣ ሰሰትህብኝ? ሙላው እንጂ!» አልሁት። አሳላፊው ሳቁን መያዝ አቃተው፤ ገበታውም ሁሉ አብሮት ሳቀ። የዚያ ምሽት የወይን ጠጅ ጣዕሙ ምን እንደ ነበረ ዛሬ አላስታውስም፤ ኀፍረቱ ግን ከአፌ አልጠፋም።

ነገሩን የሚያስረዳኝ ሰው ያገኘሁት በኋላ፣ ከማልጠብቀው ስፍራ፣ ከማስተምርበት ከሰንበቴ ነው። ሰንበቴ ከአዲስ አበባ ወደ ደሴ በሚወስደው መንገድ ጣርማበርን፣ ደብረ ሲናንና ሸዋ ሮቢትን አልፈው፣ ከሚሴ ከመድረስዎ በፊት የሚያገኙአት ከተማ ናት። እሑድ እሑድ የሚቆመው ገበያዋ በአካባቢው ሁሉ የታወቀ ነው። ኦሮሞው፣ አማራው፣ አርጎባውና አፋሩ ከደጋና ከቆላ መጥተው ይገናኙበታል፤ በማግሥቱ ሰኞ ደግሞ ተራው የባቲ ገበያ ነው። ከገበያው ዳር፣ ከአንዲት ዳስ ጥላ ሥር፣ ቡና እያፈሉ የሚሸጡ አንዲት እናት አሉ። እኔም እሑድ ከሰዓት በፊት ከዚያ አልጠፋም።

በዚያ ዳስ ውስጥ አዘውትረው የሚቀመጡ አንድ ሰው በወጣትነታቸው ወደ ውጭ አገር ወጥተው፣ ብዙ ዓመት በሽርሽር መርከብ የምግብ አዳራሽ ያገለገሉ ናቸው። ዛሬ ተመልሰው አነስተኛ ሱቅ ከፍተዋል። የሆቴሉን ጉድ ባወራሁላቸው ጊዜ አልሳቁብኝም። «መምህር፣ ጥፋቱ ያንተ አይደለም፤ የአሳላፊው ነው» አሉኝ። ቀጥለውም ሥራቸው ምን እንደ ነበረ አጫወቱኝ።

የሽርሽር መርከብ ማለት በባሕር ላይ የሚንሳፈፍ ሆቴል ነው። በዛሬው ዘመን ከታላላቆቹ አንዳንዶቹ ከ5,000 በላይ መንገደኛ ይጭናሉ። ለእራት የሚቀመጠው ሕዝብ የአንዲት አነስተኛ ከተማ ሕዝብ ያህላል ማለት ነው። የምግቡ ዋጋ አብዛኛውን ጊዜ ከጉዞው ዋጋ ጋራ ተከፍሏል፤ የወይን ጠጁ ግን በብዙ መርከቦች ለብቻው ይከፈላል። ስለዚህ እንግዳው ለጠርሙሱ የከፈለው ገንዘብ ዋጋ እንዲያወጣለት ይጠብቃል፤ አሳላፊውም ይህን ዐውቆ ይቀርባል። ይህን አሳላፊ ፈረንሳዮች ሶምሊዬ ይሉታል።

ደንቡ እንዲህ ነው። አሳላፊው ጠርሙሱን የተለጠፈበት ወረቀት ወደ አዛዡ ዞሮ እንዲታይ አድርጎ ያሳያል፤ ስሙንና የተጠመቀበትን ዓመት ያነብባል። ይህም ያዘዙትና የመጣው አንድ መሆኑን ለማረጋገጥ ነው። ጠርሙሱ የሚከፈተው ከጓዳ ሳይሆን በእንግዳው ፊት ነው። ከዚያም አሳላፊው ለአዛዡ ብቻ ጥቂት ይቀዳል። አዛዡ ያሸትታል፣ ይቀምሳል፣ ራሱን ይነቀንቃል። ይህ ሲሆን አሳላፊው ለሌሎቹ ይቀዳል፤ በቀድሞው ደንብ ሴቶች ይቀድማሉ፤ የቀመሰው ሰው ብርጭቆ የሚሞላው ከሁሉ በኋላ ነው።

«ቅምሻው ታዲያ ለምንድን ነው?» ብዬ ጠየቅሁ።

«ወደድኸው ወይ ለማለት አይደለም» አሉኝ። «ደኅና ነው ወይ ለማለት ነው።»

እውነትም ነው። የወይን ጠጅ ጠርሙስ የሚደፈነው በቡሽ ነው፤ ቡሽም የዛፍ ቅርፊት ስለ ሆነ አንዳንድ ጊዜ በውስጡ ጠጁን የሚያበላሽ ነገር ይፈጠርበታል። እንዲህ ያለ ጠጅ ጤና አይነሳም፤ ግን የራሰ ካርቶን ወይም የሻገተ ጓዳ ይሸትታል። ወይም ደግሞ አየር ገብቶበት ወደ ኮምጣጤ ያዘነብል ይሆናል። ይህን ያገኘ እንግዳ ጠርሙሱን ቢመልስ መብቱ ነው፤ ሌላ ይመጣለታል። «ደኅናውን ጠርሙስ በጓደኞቹ ፊት ዐዋቂ ለመባል ብቻ የሚመልስም አለ» አሉኝ እኒያ ሰው። «እርሱንስ ምን ያደርጉታል?» ብላቸው፣ «ዝም ብለህ ታነሣለታለህ። በገበታ ላይ ሰውን ረትቶ የከበረ አሳላፊ አላየሁም» አሉኝ።

ብርጭቆው ለምን እንደማይሞላም ጠየቅኋቸው። በእኛ ዘንድ ጽዋን አጉድሎ መስጠት ንፍገት ነውና። ምክንያቱ ሁለት ነው አሉኝ፤ አንደኛ፣ መዓዛው የሚሰበሰብበት ባዶ ስፍራ እንዲተርፍ፤ ሁለተኛ፣ መርከቡ ሲዋዥቅ እንዳይፈስስ። በቀድሞዎቹ መርከቦች ባሕሩ ሲቈጣ የገበታውን ጠርዝ ከፍ ያደርጉት፣ ሳሕኑ እንዳይንሸራተትም የገበታውን ጨርቅ በውሃ ያርሱት ነበር። ዛሬ መርከቡን የሚያረጋጋ መሣሪያ ስላለ ይህ ቀርቷል። አንድ ጠርሙስ 750 ሚሊ ሊትር ይዞ ለአምስት ብርጭቆ ያህል ይበቃል። እንግዳው ካልጨረሰው ይከደንና የክፍሉ ቍጥር ተጽፎበት ለነገ እራት ይቀመጥለታል። ብዙ ኩባንያዎች መንገደኛው ሲሳፈር የራሱን ጠርሙስ ይዞ እንዲገባ ይፈቅዳሉ፤ በምግቡ አዳራሽ ሲከፈት ግን የመክፈቻ ዋጋ ያስከፍላሉ። በመጠጡ ሒሳብም ላይ ከ15 እስከ 20 በመቶ የሚሆን የአገልግሎት ዋጋ መጨመር የተለመደ ነው፤ ይህን ያልተመለከተ ሰው ጉርሻ ሁለት ጊዜ ይከፍላል።

ከሁሉ ይልቅ ልቤን የነካው ግን ስለ አንድ ሽማግሌ እንግዳ የነገሩኝ ነው። ሰውየው ከባለቤታቸው ጋራ፣ ዕድሜ ልክ ባጠራቀሙት ገንዘብ የመጡ ናቸው። ለቅምሻ የተቀዳላቸውን ጥቂት ጠጅ ድርሻቸው መስሏቸው በአንድ ትንፋሽ ጠጡና ብርጭቆውን አመስግነው መለሱለት። «እኔም» አሉ እኒያ ሰው፣ «ሁልጊዜ እንደዚህ እንደሚደረግ ሁሉ፣ ጥሩ ነው ማለትዎ ነው? ብዬ ለባለቤታቸው ቀዳሁ፤ ቀጥሎም ለእርሳቸው ቀዳሁ። ሽማግሌው ምንም ሳያውቁ እራታቸውን በደስታ በሉ። አየህ መምህር፣ አሳላፊነት ይህ ነው።»

ይህን ሰምቼ «ጋሼ፣ ለመሆኑ ከጠጁ ሁሉ የሚወዱት የትኛውን ነበር?» አልኋቸው። ፈገግ አሉና «እኔ ሙስሊም ነኝ፤ ቀምሼው አላውቅም። የሰው እንጀራ ሆኖብኝ ተሸክሜዋለሁ፤ ፈራጁ አላህ ነው» አሉኝ። ያን ሁሉ ዓመት ሳይቀምሱ ቀዱ! የሚቀምሰው እንግዳው ስለ ሆነ ተቻላቸው።

በእኛ አገር ቢሆን ግን ይህ ባልተቻለ ነበር። የእኛ ጠጅ አሳላፊ ቀድሞ የሚቀምስ ነውና። ወደ አገራችን በ19ኛው መቶ ዓመት የመጡ የውጭ አገር መንገደኞች እንደ ጻፉት፣ አሳላፊው ጠጁን ለጌታው ከመስጠቱ አስቀድሞ በመዳፉ ጥቂት አንቈርቍሮ ይጠጣ ነበር። ይህም መርዝ እንደሌለበት ለማሳየት ነው። ሥራው ጥንታዊ ነው፤ ነህምያ የፋርስ ንጉሥ የአርጤክስስ ጠጅ አሳላፊ እንደ ነበረ በመጽሐፍ ቅዱስ እናነባለን። በ2012 ዓ.ም. ለሕዝብ የተከፈተውን የአንድነት ፓርክ የጐበኘ ሰው፣ ዳግማዊ ምኒልክ ግብር ያበሉበትን አዳራሽ አይቷል። በዚያ አዳራሽ ጽዋ ይዞ የሚያልፍ ሰው የሚያሳልፈው መጠጥ ብቻ አልነበረም፤ መተማመንን ጭምር እንጂ።

እንግዲህ በመርከቡ ላይ የሚቀምሰው ገዥው ነው፤ ሥጋቱ ገንዘቡ እንዳይባክን ነው። በግብሩ ላይ የሚቀምሰው አሳላፊው ነው፤ ሥጋቱ የሰው ነፍስ ነው። ይህን እየተነጋገርን ሳለን ቡና የሚያፈሉት እናት ጀበናውን ከእሳት አውርደው እያሰከኑ ያዳምጡን ነበር።

«እትዬ፣ በቡናስ ቀድሞ የሚቀምሰው ማን ነው?» አልኋቸው።

«ጀበናው አንድ፣ ጠጪው ብዙ፤ ምን ቀማሽ ያስፈልገዋል ልጄ?» አሉኝ። በእርግጥም ቡናው በእንግዳው ፊት ይታጠባል፣ ይቈላል፤ ጢሱ በየሰዉ አፍንጫ ሥር ይዞራል፤ በፊቱ ይወቀጣል፤ ታላቁ ሰው ዱዓ ያደርጋል፣ ሁሉም «አሚን» ይላል፤ አቦሉ በዕድሜ ተራ ይታደላል፤ ቶናና በረካ ይከተላሉ። የተሰወረ ነገር የለም። እናት ጥቂት ዝም ብለው ቈዩና እንዲህ አሉ፤

«አንድ ጊዜ ግን እኔው ቀምሻለሁ።»

በ2013 ዓ.ም. በመጋቢትና በሚያዝያ ወር በአጣዬ፣ በጅሌ ጥሙጋና በአካባቢው በተነሣው ግጭት ብዙ ሰው እንደ ሞተ፣ ብዙ ቤት እንደ ተቃጠለ አንባቢ ያስታውሳል። «ያ ነገር አልፎ ገበያው ሲመለስ፣ ጀበናዬን ጥጄ ተቀመጥሁ» አሉ። «ሰዎች መጡ፤ ግን ወዲያና ወዲህ ተለያይተው ተቀመጡ። ስኒውን ይቀበሉና ይዘውት ይቆያሉ፤ አንዱ የሌላውን ዓይን ያያል። ገባኝ። መልሼ ለራሴ ቀዳሁና በሁሉም ፊት ጠጣሁት። እነርሱም ጠጡ። ለብዙ እሑድ እንዲህ አደረግሁ።»

«አሁንስ እትዬ?»

«አሁንማ ማን ይጠብቀኛል! እኔ ሳልቀምስ እየተሻሙ ይጨርሱታል» ብለው ሳቁ፤ ስኒዬንም እስከ አፉ ሞሉልኝ።

ዛሬ የአዋሽ ፋብሪካ ጉደርና፣ እ.ኤ.አ. ከ2014 ጀምሮ ደግሞ ከባቱ አካባቢ የወይን ተክል የሚጠመቀው ሪፍት ቫሊ በብዙ ከተሞቻችን ሆቴሎች ይገኛሉ። ስለዚህ አንባቢ ከእንዲህ ያለ ገበታ ቢቀመጡና ጥቂት ጠብ ቢደረግልዎ፣ አይደንግጡ፤ አሽትተው፣ ቀምሰው፣ ደኅና ከሆነ ራስዎን ይነቅንቁ። ካላወቁም አሳላፊውን መጠየቅ ነውር አይደለም። ከተማሪዎቼ መካከል የሆቴል ሥራ ሊማሩ ለሚነሡት ደግሞ የምነግራቸው አንድ ነው። ቡሽ መንቀልን በአንድ ቀን ትማራላችሁ፤ እንግዳው ከፊታችሁ ሳያፍርና ሳይሠጋ ጠጥቶ እንዲነሣ ማድረግን ግን ከመርከበኛውና ከሰንበቴዋ እናት ተማሩ።